ባለሥጋ ቤቱ ሁልጊዜ ለምን ይሞታል

«ወንድሜ፣ ክቧ ቁልፍህ ተበላሽታ ነው እንዴ? እሷ እኮ መከላከያ ናት። በሰዓቷ ከተጫንካት ምቱ አይነካህም።»

ባሲል ስልኩ ላይ አስተያየቷን ለአራተኛ ጊዜ አነበባት። «እጅህ ይባረክ»፣ «ብዕርህ አይንጠፍ» ከሚሉ ምስጋናዎች መሀል አንድ የማያውቀው ሰው ጣል ያደረጋት ናት። ከሥሯ የሚስቁ ፊቶች ተሰልፈዋል። ሲቆጥራቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ቆጥሮ ቀና ሲል ሦስት መቶ አርባ ደርሰዋል። መሻገሪያው ጀልባ ገና ከፖርት ፉአድ ዳርቻ አልተላቀቀም። የስዊዝ ካናልን አቋርጦ ፖርት ሰይድ እስኪደርስ ስንት ይሆኑ ይሆን?

የተሳቀበት ጽሑፍ የራሱ ነው። «የቁራ ምሽግ» ስለሚባለው ጌም ውጊያ፣ የጂኦግራፊ ደብተሩን ከጀርባው ጀምሮ እስከ አባይ ተፋሰስ ትምህርቱ ድረስ ጨርሶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የጻፈውና ገጹ ላይ የለቀቀው። «ሌሎች ጌሞች ጋሻ ሰጥተው ያሞላቅቁናል» ይላል ምርጡ አንቀጽ። «ይህ ጌም ግን ሰይፍ ብቻ አስይዞ ከአውሬ መንጋ መሀል ይጥለናል። ባለሥጋ ቤቱ አይከላከልም፤ አይሸሽም፤ ምቱን በደረቱ ተቀብሎ ይመልሳል። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ውጊያ አላየሁም።» የአረብኛ አስተማሪው አብላ ሰሚሓ ሳይቀሩ አንብበውት «ይህን ችሎታ ለሰዋስው ብታውለው ምን ነበረበት» ብለውታል። ከእሳቸው አፍ ይህ ሽልማት ነው።

ባለሥጋ ቤቱ የጌሙ ሰይፈኛ ነው። ጌሙ የሚናገረው በጃፓንኛ ነውና የሰውየውን እውነተኛ ስም ከሰፈሩ ልጆች ማንም አያውቀውም፤ ሰይፉ ሥጋ ቤት ከሚሰቀለው መጥረቢያ ስለሚሰፋ ብቻ እንዲህ አሉት። ነጭ ካባ ለብሳ ጦር የምትይዘው አጋሩ «ዶክተሯ» ሆነች። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግዙፍ ጭራቅ ደግሞ ከመምታቱ በፊት አንድ እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ስለሚያነሳ «ትራፊኩ» ተባለ። ታሪኩን ማንም አልተረዳውም፤ አስተያየት የሌለው ግን አልነበረም። ሁሉም «ዓም»፣ አጎቴ፣ በሚላቸው በፈትሒ ጌም ቤት ለሁለት ዓመት በዚህ ጌም ውጊያ ላይ የደከመውን ያህል ምላስ ለከተማዋ የእግር ኳስ ቡድን እንኳ አልደከመም።

ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበረ። ባለሥጋ ቤቱ መከላከል አይችልም። በጆይስቲኩ ቀኝ በኩል ካሉት አራት ቁልፎች ሦስቱ ሥራ አላቸው፤ ክብ የተሳለባት ግን ቢጫኗት ቢጫኗት ምንም አታደርግም፤ ለጌጥ ናት። ዶክተሯ ብቻ አንዳንዴ፣ ትራፊኩ እጁን ሲያወርድባት፣ ከጦሯ ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣና ምቱ ሳይነካት ያልፋል። «ዕጣ ነው» ይል ነበር የባሲል ጓደኛ ሙዓዝ። «ለዶክተሯ ይወጣላታል፣ ለባለሥጋ ቤቱ አይወጣለትም። እንደ ኑሮ በለው።» ሰፈሩ በሙሉ አመነ። ባሲልም «ዕድል እንደ ጦር መሣሪያ» የሚል ንዑስ ርዕስ ሰጥቶ አንድ ሙሉ አንቀጽ መደበለት።

ባሲልና ሙዓዝ ሲጫወቱ ዶክተሯን በሁለተኛው ጆይስቲክ የሚይዛት ሁልጊዜ ሙዓዝ ነው። ባለሥጋ ቤቱን ባሲል በአንደኛው ይዞ ይሞታል፤ ሙዓዝ ብቻውን ቀርቶ ትራፊኩን ይጥላል፤ ጌም ቤቱ በፉጨት ይሞላል። ባሲል በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። ሙዓዝ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሮት የተቀመጠ ልጅ ነው። የባሲል አባት ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ እነባሲል ቤት ያደረ፣ ባሲል ማልቀስ ሲጀምር መብራት አጥፍቶለት የእግር ኳስ ተንታኞችን ድምፅ እያስመሰለ ያሳቀው እሱ ነው። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ በወጣት ማዕከሉ በሚደረገው የሰፈር ለሰፈር ውድድር የዓረብ ሰፈርን ወክለው የሚወጡትም እነሱ ናቸው።

ሙዓዝ የወረቀት ጥቅልል ሙሉ ግብጦ ይዞ ሰው እየገፋ መጣ።

«እንካ ጨምር አፍህ ውስጥ። ፊትህ የተመለሰ የፈተና ወረቀት መስሏል።»

ባሲል ስልኩን ሰጠው። «አንብብ።»

ሙዓዝ አነበበ። ባሲል የጠበቀው ሳቅ ነበር። ይህ በሰው መውደቅ የሚስቅ፣ በራሱም መውደቅ የሚስቅ ልጅ ነው፤ ባለፈው ክረምት ከዚሁ ጀልባ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ጥርሱ ሲሸረፍ ደሙን እየተፋ ስቋል። አሁን ግን አልሳቀም። የግብጦውን ልጣጭ ወደ ውሃው ተፋና ስልኩን መለሰ።

«አጥፋው» አለ።

«ምኑን?»

«አስተያየቱን። ሰውየውንም ዝጋው። ቀናተኛ ነው።»

«ምን አደረገ? ጠየቀ እንጂ።»

«ሙድ እየተያዘብህ እኮ ነው፣ ጀለስ። ሰፈር ሳይደርስ አጥፋው።»

«እንዴ፣ ዝም ብሎ ከማጥፋት እንሞክራታ። እንደወረድን ዓም ፈትሒ ጋ እንግባና ክቧን እንሞክር።»

«ዛሬ?»

«አሁን።»

ሙዓዝ ወደ ውሃው ዞረ። ከጎናቸው አንዲት ሴትዮ ለባሕር ወፎቹ ዳቦ እየወረወረች ነበር፤ ወፎቹ እየተሻሙ ይጮሃሉ። «ዛሬ አይመቸኝም። ለእናቴ የጋዝ ሲሊንደር ላስሞላላት ነው» አለ።

ሲሊንደሩ ትናንት ተሞልቷል። አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጡት ሁለቱ ናቸው፤ ባሲልን ትከሻው ላይ ያለው ቁስል እስከ አሁን ያቃጥለዋል። እዚያው ሙዓዝ ፊት «የትኛውን ሲሊንደር?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ግን ግብጦ ጎረሰበት።

«እሺ» አለ አኝኮ ሲጨርስ።

ጌም ቤቱ ባዶ ነበር። ዓም ፈትሒ ሠላሳ ዓመት የመርከብ ኤሌክትሪክ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ሳይቀር በመዳብ ሽቦ ጠግነውታል። አንገታቸውን ሳያቀኑ «ጥላህን የት ጥለኸው መጣህ?» አሉት።

«ሥራ አለው። ዓም ፈትሒ፣ አንደኛው ጆይስቲክ ላይ ክቧ ቁልፍ ትሠራለች?»

«እሷማ ከሞተች ቆየች። የባሕሩ አየር ውስጧን በላው። ከላይ ስትጫናት ጠቅ ትላለች እንጂ ከታች ማንም የለም።»

ባሲል ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» ዓም ፈትሒ አሁን ቀና አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ መጥቶ ‹ክቧ አልሠራ አለችኝ› ያለኝ የለም። ሥራ የላትም ብዬ ተውኳት። ደግሞስ አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ እዚህ ቆመህ ‹ይሄ ጌም መከላከያ የለውም፣ ክብሩም እሱ ነው› ያልከን? እኔ ለስንት ደንበኛ ደግሜዋለሁ መሰለህ። አንዱን መሐንዲስ እንኳ አሳምኜዋለሁ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ደህና ነው። ያ ጓደኛህ የሚይዘው አይደል? አንዴ ፈትቼ ላጽዳው ብል ‹አይንኩብኝ፣ እጄ ለምዶታል› ብሎ ነጠቀኝ።»

ባሲል አንደኛውን ጆይስቲክ ነቀለና ሁለተኛውን በእሱ ቦታ ሰካ። ባለሥጋ ቤቱን መረጠ። ትራፊኩ ምድሩን እያንቀጠቀጠ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ፤ እጁን አነሳ፤ አወረደ። ባሲል ክቧን ተጫነ፤ ዘገየ፤ ባለሥጋ ቤቱ ሞተ። እንደገና ጀመረ። አሁን ደግሞ ቸኮለ። ሞተ። በሦስተኛው ግን እጁ ከመውረዱ በፊት ሁልጊዜ በጫጫታው ምክንያት ሰምቷት የማያውቃትን ቀጭን የብረት ድምፅ ሰማ፤ በድምፁ ተጫነ።

ከባለሥጋ ቤቱ ደረት ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። ምቱ አልፎ ሄደ።

«ይሄ ሰውዬም ይችላል ለካ» አሉ ዓም ፈትሒ ከኋላው።

ባሲል ስምንት ጊዜ ደጋገመው። ሁለቴ ተሳካለት፣ ሦስቴ ሳተ፣ ከዚያ ሦስት ተከታታይ ያዘ። ዕጣ የሚባል ነገር የለበትም። ጆሮ ይፈልጋል፤ ልምምድ ይፈልጋል። ሙዓዝ በሚይዘው ልክ ለመያዝ ወራት ሳያስፈልግ አይቀርም። እነዚያን ወራት ሙሉ ሙዓዝ የተለማመደው ከእሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ክርን ለክርን እየተነካኩ ነው።

«አንተ አንደኛውን ያዝ፣ አዲሱ እሱ ነው።» ይህን ስንት ጊዜ ብሎታል? መቶ ጊዜ? ባሲል እኮ ይህንን ለእናቱ አውርቶላት ያውቃል። «ሙዓዝ ሁልጊዜ ደህናውን ለእኔ ነው የሚሰጠኝ» ብሏት፣ እሷም «እንዲህ ያለውን ጓደኛ አላህ ያቆይልህ» ብላዋለች።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሙዓዝ ነበር። ሲሊንደርም ሌላም አልያዘም። ቴሌቪዥኑን አየ፤ በባሲል እጅ ያለውን ጆይስቲክ አየ። ዓም ፈትሒ ሁለቱን በየተራ ተመለከቱና «ሻይ ልበል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሻይ ማፍያቸው ግን እዚሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ባሲል።

ሙዓዝ አልዋሸም። በኋላ ባሲል ደጋግሞ ያሰበው ይህንን ነው፤ አንዴ ደግሞ ቢዋሸው ሳይሻል አይቀርም ነበር።

«ከአምና ረመዳን። ደሚያጥ ከተማ፣ የአጎቴ ልጅ ጋ አየሁት።»

«ዓመት ከምናምን።»

«ልነግርህ ነበር። ወላሂ ልነግርህ ነበር የመጣሁት። ስገባ አንተ እዚች ወንበር ላይ ቆመህ ያንን የመጀመሪያ ጽሑፍህን ታነባለህ። ማምለጫ የሌለው ውጊያ ምናምን። ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል። ‹አቁሙ፣ ጆይስቲኩ ተበላሽቶ ነው› ልበል?»

«መንገድ ላይ ልትነግረኝ ትችል ነበር። ጀልባው ላይ። እኛ ቤት ስታድር። ዓመት ሙሉ ቦታ ጠፋህ?»

ሙዓዝ ወንበሩን ሳበና ሳይቀመጥበት ቆመ።

«እሺ፣ በኋላማ አልፈለግኩም» አለ ዝግ ብሎ። «አንተ ትጽፋለህ። አብላ ሰሚሓ ስምህን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የማታውቃቸው ሰዎች ከካዛብላንካ ይጽፉልሃል። እኔ ደግሞ ትራፊኩን እጥላለሁ። ያለኝ እሱ ነበር። ብነግርህ በሳምንቱ ትበልጠኝ ነበር። አትበልጠኝም?»

ባሲል ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። አሁን እንኳ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሦስት ተከታታይ ይዟል። ሙዓዝ ያን አይቶ እንደሆነ አላወቀም፤ ቢያይም ምን ይጠቅማል?

«ይሄኛውን ጽሑፍ ከመልቀቄ በፊት ለማን ነው ያነበብኩት?»

«ለእኔ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ምን አልከኝ?»

ሙዓዝ ወደ መሬት አየ።

«ንገረኝ እንጂ። ምን አልከኝ?»

«‹አሪፍ ነው፣ ልቀቀው› አልኩህ።»

ጓዳ ውስጥ ዓም ፈትሒ ምንም ነገር ሳያፈሉ ብርጭቆ ያንኳኳሉ። ባሲል ስለ ጆይስቲኩ ይቅር ሊለው ይችል ነበር። ጨዋታ ነው፤ ማን ያልሸወደ አለ? ጽሑፉን ግን ሙዓዝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን እያወዛወዘ፣ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ሰምቶታል። ባሲል «እዚች ጋ አልበዛም?» እያለ ሲጠይቀው «አልበዛም» እያለ።

«ስማ» አለ ሙዓዝ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ቅዳሜ አንተ ዶክተሯን ያዝ። ወይም የፈለግከውን። የማዕከሉ ጆይስቲኮች ሁሉም ደህና ናቸው። አሁን ሁለታችንም ካወቅን እኮ ማንም አይችለንም።»

እውነቱን ነው፤ ማንም አይችላቸውም ነበር። ባሲል ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው፣ የሚሰበር ይመስል፤ ቦርሳውን አንስቶ በጎኑ አልፎት ወጣ። ሙዓዝ አልተከተለውም። ቢከተለው ምን እንደሚለው ባሲልም አያውቅም።

ቤት ሲደርስ እናቱ ዓሣ እየጠበሰች ነበር። በረንዳው ላይ፣ የታጠቡት አንሶላዎች ሥር፣ ገብቶ ተቀመጠ። የሚስቁት ፊቶች ዘጠኝ መቶ አልፈዋል። አንዱ የባለሥጋ ቤቱን ምስል የራሱ የባሲል ፎቶ ላይ ለጥፎ «እውነተኛው ውጊያ» ብሎ ጽፎበታል። ጎበዝ ነው፣ ያስቃል። ባሲልም በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ይስቅ ነበር።

መጻፍ ጀመረ። «አብሮኝ የሚጫወተው ጓደኛዬ ያውቅ ነበር» ብሎ ጀመረና እጁ አላቆም አለ። ሲሊንደሩን አስገባ። «አዲሱ እሱ ነው» የሚለውን አስገባ። «አሪፍ ነው፣ ልቀቀው» የሚለውን ለብቻው፣ በአንድ መስመር ላይ፣ ከላይም ከታችም ባዶ ቦታ ትቶለት አስቀመጠው። ሲጨርስ አነበበው። እስከዛሬ ከጻፈው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አንድም የበዛ ቃል የለውም። ይህ ከተለቀቀ የሚስቁት ፊቶች በሙሉ ከእሱ ገጽ ተነስተው አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው የሙዓዝ ክፍል ይሄዳሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሙዓዝ በዓም ፈትሒ በር ማለፍ አይችልም። ምናልባት ለዓመታት።

ሦስቴ አነበበው። ከዚያ ከታች ወደ ላይ፣ ቃል በቃል፣ ማጥፋት ጀመረ። «አሪፍ ነው፣ ልቀቀው» ጋ ሲደርስ አንዴ ደግሞ አነበባት። እሷንም አጠፋት። በቦታው ይህንን ጻፈ፦

«ተሳስቻለሁ። ጌሙ መከላከያ አለው። እኔ በተጫወትኩበት ጆይስቲክ ላይ ክቧ ቁልፍ ሞታ ነበር፤ አላወቅኩም። ስለ ውጊያው የጻፍኩት በሙሉ ስለ ተበላሸ ጆይስቲክ የተጻፈ ነው። እንደገና እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ግን መጫወት አለብኝ።»

ለቀቀው። ወዲያው ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ሙዓዝ ነበር። «አነበብኩት። ስሜን አላነሳህም። ቅዳሜ ጀልባው ጋ ልጠብቅህ?»

ታች መንገድ ላይ አንድ ሻጭ ጋሪውን እየገፋ ያልፋል፤ ባሲል እስኪርቅ ጠበቀ።

«ሌላ ሰው ያዝና ግባ» ብሎ ጻፈለት። «እኔ አልመጣም።»

መልስ አልመጣም። ባሲል ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ የአንሶላው እርጥበት ነው ቢባል ያስኬዳል።

«ባሲል» አለች እናቱ ከወጥ ቤት። «ሙዓዝ ይመጣል? ዓሣ ልጨምር?»

«አይመጣም።»

«ምነው፣ አመመው?»

«ደህና ነው፣ እማ።»

ስልኩ ደግሞ በራ። ያ የመጀመሪያውን አስተያየት የጻፈው ሰው ነበር። «ስህተትህን አምነህ መጻፍህ ትልቅነት ነው፣ ወንድሜ። ስላሳቅኩብህ አፉ በለኝ። ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አብሮህ የሚጫወት ሰው አልነበረም? ማንም አልነገረህም?»

እናቱ እንደገና ጠራችው፤ ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው።

«አልነበረም» ብሎ ጻፈ። «ብቻዬን ነበር የምጫወተው።»

ላከውና ሊበላ ገባ።